አንኮበር፦ ከታጁራ ባሕር እስከ ሸዋ ነገሥታት አምባ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የሸዋ ነገሥታት የድሮ መቀመጫ ናት። ባሕር የላትም፣ ሐይቅም የላትም። ግን ከባሕር ማዶ ወደ ሸዋ ለሚመጣ ሰው የጉዞው መጨረሻ እሷ ነበረች። ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ባለችው በታጁራ ወደብ ከመርከብ ይወርዳል፣ የአፋርን በረሃ ከግመል ነጋዴ ጋር ያቋርጣል፣ ከዚያ ተራራው ሥር ይደርሳል። ሰሜን ሸዋ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ብዙ ሳይወራለት መቅረቱ ያስቆጫል።

ስሟ «የአንኮ በር» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል፤ አንኮ አካባቢውን ትገዛ የነበረች ሴት ናት ይላሉ። መናገሻ ያደረጓት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ቀጥሎ ወሰን ሰገድ ገዙ።

ብዙ የተጻፈው ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው (ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም)። ቤተ መንግሥታቸው ሾጣጣ ኮረብታ አናት ላይ ነበር። ዙሪያው በእንጨት አጥር ተደራርቦ የታጠረ ነው። ከሥሩ የሣር ክዳን ቤቶች በቁልቁለቱ ላይ ተበትነው፣ በየጉብታው ቤተ ክርስቲያን ይታያል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ ቆላ ይወርዳል። የመጣ ሁሉ ከላይ ይታያል።

የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ጉዞውን በሰፊው ጽፎ ስለተወ፣ መንገዱን ዛሬም ደረጃ በደረጃ መከተል ይቻላል። ከቦምቤይ በመርከብ ወደ ኤደን፣ ከኤደን ደግሞ ወደ ታጁራ ተሻግሮ በግንቦት 1833 ዓ.ም ደረሰ። ግመል ለማግኘት ከሱልጣኑ ጋር ብዙ መደራደር ነበረበት። ከታጁራ ሲወጣ አሳል ሐይቅ አለ፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ጨው የሞላበትና እንደ እሳት የሚያቃጥል ቦታ ነው። እዚያው በረሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ከሐሪስ ሰዎች ሁለት ወታደሮችና አንድ ፖርቱጋላዊ ወጥ ቤት ተኝተው ሳለ ተገደሉ። የቀሩት ተጉዘው በክረምቱ የሸዋ ጠረፍ ከሆነችው ፋሬ ደረሱ። ከአሳል ጉድጓድ ተነስቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ወዳለችው አንኮበር መውጣት ማለት ነው እንግዲህ!

ከፋሬ በኋላ ግመል ዳገቱን ስለማይችል ጭነቱ ሁሉ በሰው ትከሻ ወጣ። ለንጉሡ በስጦታ የመጣው መድፍም ጭምር። ያለ ንጉሡ ፈቃድ ደግሞ ማንም ወደ ላይ አያልፍም፣ ተመልሶም አይወጣም። አንኮበርን አምባ ያሰኛት ከአጥሩ ይልቅ ይህ ይመስለኛል፤ በሩ በንጉሡ እጅ ነበር። በ1831 ዓ.ም የመጣው ሚስዮናዊው ክራፕፍ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ከሸዋ ከወጣ በኋላ ሊመለስ ቢፈልግ ሣህለ ሥላሴ አላስገቡትም።

መንገዱ ላይ ያለችው አልዩ አምባ የነጋዴ ከተማ ነበረች። አርጎባውም፣ አፋሩም፣ ሐረሪውም አርብ አርብ ገበያዋ ላይ ይገናኛል። የአሳል ጨው፣ አሞሌ፣ ቡና ይሸጣል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

ሣህለ ሥላሴ ከእንግዶቹ የፈለጉት ጠመንጃና ባለሙያ ነው። በኅዳር 1834 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር፣ በ1835 ዓ.ም ደግሞ በሮሼ ዴሪኩር በኩል ከፈረንሳይ ጋር ውል ተዋዋሉ። ሁለቱን ኃያላን ባንድ ጊዜ ያነጋገሩ አስተዋይ ንጉሥ ነበሩ።

በአቅራቢያው ጎንቾ የሚባል ሌላ ምሽግ አለ፤ የንጉሡ ዘመዶች ዙፋን እንዳይመኙ የሚታሰሩበት ነበር። ንጉሡ እስረኞቹን ፈትተዋቸዋል። ሐሪስ ያስፈታኋቸው እኔ ነኝ እንደማለት ይጽፋል። ምክሩ ረድቶ ሊሆን ይችላል፣ የፈቱት ግን ሣህለ ሥላሴ ናቸው።

በ1848 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን አረፉ፣ የ11 ዓመቱ ልጃቸው ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በሰኔ 1857 ዓ.ም አምልጠው ተመለሱና አንኮበር እንደገና መቀመጫ ሆነች። ከዓመታት በኋላ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎችም ወደዚሁ መጡ፤ መሪያቸው አንቲኖሪ በ1874 ዓ.ም እዚሁ አቅራቢያ ሞቶ ተቀበረ። ከዚያ መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ዛሬ ኮረብታው ላይ ከድሮው ቤተ መንግሥት የቀረው የኖራ ግንብ ቁራጭ ነው፤ በድሮው አምሳል የተሠራ ሎጅም አለ። በስሟ የምትጠራ ትንሽ ወፍም አለቻት፣ ሌላ አገር የማትገኝ። ከደብረ ብርሃን ስትሄዱ ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ታያላችሁ። ጋቢ ያዙ፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ኮረብታውን በጠዋት ውጡ፤ ከቀትር በኋላ ጉሙ ገደሉን ይዞ ይወጣና እነሐሪስ የመጡበት ቆላ አይታይም።