ያገለገለ ቶርኖ ስንት ያወጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደርና በአዘዞ የወፍጮ ዘንግ፣ ከደምቢያ የሚመጣ የውኃ ፓምፕ ዕቃና ወደ መተማ የሚወርድ የትራክተር ፒን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከባለሙያው በዕድሜ በሚበልጥ ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ በቢላ በሚቀርጽ ማሽን ላይ ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጭ፣ ገዥና ደላላ በየፊናቸው ዋጋ ይጠራሉ። ለጠሩት ዋጋ የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ግን ብዙዎቹ ሲመረመሩ አይጸኑም።

«ብረቱ ከባድ ስለሆነ ዋጋው አይወድቅም»

የሶቪየቱ 1ካ62 ቶርኖ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። በኪሎ ተሰልቶ የሚገኘው ሒሳብ ማሽኑ ሥራ ቢያቆም ለውዳቂ ብረት የሚከፈለውን የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ያሳያል እንጂ ማሽኑ የሚያወጣውን አያሳይም። እንዲያውም ክብደቱ ለገዥው ወጪ ነው፤ ክሬኑ፣ የጭነት መኪናውና የሚቀመጥበት የኮንክሪት ወለል ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

«አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ስለዚህ በደንብ ተይዟል»

ቀለም የሁለት ቀን ሥራ ነው። በአምራቹ ስም ሰሌዳና በዘይት ማሳያው መስታወት ላይ ጭምር የተቀባ ቀለም ካዩ ጥርጣሬዎ ሊጨምር ይገባል።

«ሞተሩ ተነሥቶ ከዞረ ማሽኑ ይሠራል»

ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያስከስረው አመለካከት ይህ ነው። ቶርኖ የሚያረጀው በሚዞረው ክፍሉ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ቢላውን የተሸከመው ሰረገላ በሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ ማለትም በቤዱ ላይ ነው። አብዛኛው ሥራ አጭር በመሆኑ ሰረገላው ዕድሜውን ሙሉ የሚመላለሰው ብረቱን ይዞ ከሚያዞረው ቻክ አጠገብ ነው፤ በመሆኑም ቤዱ በዚያ በኩል ይበላል፣ በተቃራኒው ጫፍ ካለው የብረት መደገፊያ፣ ከቴልስቶኩ በኩል ያለው ግን እንደ ነበረ ይቆያል።

ባለፈው ዓመት ዋጋ እንድገምት የተጠራሁበት አንድ ቶርኖ ቤት ባለቤቱ ማሽኑን አስነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ድምፁን ይስሙት፤ የኩሽኔታ ኮሽታ እንኳ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሆኖም 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ብረት ከቻኩ 150 ሚሊሜትር ያህል አስወጥተን፣ መሃሉን አቅጥነን በሁለቱ ጫፎች ቀለበት አስቀረን፤ ከዚያም ቢላውን ሳናንቀሳቅስ ሁለቱንም ቀለበቶች በአንድ ስስ ቁርጥ አለፍንባቸው። ውፍረት መለኪያው ማይክሮሜትር በቻኩ በኩል ያለው ቀለበት በ0.08 ሚሊሜትር እንደሚወፍር አሳየ። ብረቱ በቢላው ተገፍቶ ቢሆን ኖሮ የሚወፍረው ነፃው ጫፍ ነበር። ይህ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም፤ ወለሉ ያልተስተካከለ ማሽን ቤዱ ስለሚጣመም፣ ያልተበላ ቢሆንም ሾጣጣ ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ሰረገላውን ከቻኩ አጠገብ አድርገን ማጥበቂያውን በመጠኑ አጠበቅነውና ወደ ቴልስቶኩ ገፋነው፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ነክሶ ቆመ። የተበላው ቤዱ መሆኑን ያኔ ባለቤቱም አልተከራከረም። ረጅም ቤድ አስተካክሎ የሚሞርድ ግራይንደር በየከተማው የሚገኝ ባለመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ከዋጋው ላይ በብዙ ይቀንሳል።

«እጀታው ባዶውን ስለሚዞር ማሽኑ አልቋል»

ይህኛው ደግሞ የገዥዎች ማስፈራሪያ ነው። ቢላውን ወደ ብረቱ የሚያስጠጋው እጀታ ሩብ ዙር ያህል ባዶውን ቢዞር የተበላው ብዙ ጊዜ የነሐስ ዳዱ ነው፤ ዳዱን አንድ ደህና ባለሙያ ሠርቶ ይቀይረዋል። ሻጭ በዚህ ምክንያት ከዳዱ ዋጋና ከእጅ ሥራው በላይ ሊቀንስ አይገባውም።

«በኢንተርኔት እንግሊዝ አገር በዚህ ዋጋ ይሸጣል»

በኖቲንግሃም አቅራቢያ ይሠራ የነበረው ትንሹ ቶርኖ ማይፎርድ ኤም ኤል 7 በእንግሊዝ የሚፈለገው በመኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ስለሚገባና ለትርፍ ጊዜ ሠሪዎች ስለሚመች ነው። እዚያው አገር ትልቁ የፋብሪካ ቶርኖ የሚረክሰው ቦታ ስለሚይዝና በመኖሪያ ቤት የማይገኘውን ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ስለሚፈልግ ነው። ጎንደር ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የወፍጮ ዘንግ የማይሸከም ትንሽ ማሽን፣ የቱንም ያህል ጥንታዊና የሚያምር ቢሆን፣ ገዥው ጥቂት ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ የሚጨምረው ሰብሳቢዎች ባሉበት ገበያ ነው።

«የአሜሪካ ማሽን እዚህ አይሠራም»

ይሠራል፤ ነገር ግን ሒሳብ አለው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁም ለብቻው መታየት አለበት። የኢንች ማሽን በሚሊሜትር የሚለካ የብሎን ጥርስ እንዲያወጣ ደግሞ ባለ 127 ጥርስ ጊር ያስፈልገዋል፤ 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር በመሆኑ ልወጣውን ሳያዛባ የሚያስተካክለው ይህ ቁጥር ነው። ጊሩ ከማሽኑ ጋር ካለ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።

«አብረው ያሉት ዕቃዎች ምርቃት ናቸው»

ባለ አራት ጥርስ ቻኩ፣ ረጅም ዘንግ እንዳይወዛወዝ መሃሉን የሚይዘው ስቴዲ ሬስትና ተቀያያሪዎቹ ጊሮች ከሌሉ ማሽኑ ከሥራው ግማሹን አጥቷል። ለየብቻ ሲፈለጉ ደግሞ ልካቸው የሚስማማ ማግኘት አድካሚ ነው። እኔ ከማሽኑ በፊት ሣጥኑን አስከፍታለሁ።

«መነሻው ሻጩ የገዛበት ዋጋ ነው»

አይደለም። መነሻው ያንኑ ሥራ የሚሠራ ደህና ማሽን ተጓጉዞ ተተክሎ የሚፈጀው ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ላይ የጥገናው፣ የጎደለው ዕቃ፣ የማጓጓዣውና የመትከያው ወጪ ይቀነሳል። ቀሪው እንደ ገዥው ሥራ ይለያያል። ቤዱ የተበላበት የዚያ ቶርኖ ቤት ማሽን በመጨረሻ የተሸጠው ለወፍጮ ዘንግ ሠሪ ሳይሆን፣ የመቶኛ ሚሊሜትር ልክ የማያስጨንቀው የበር ማጠፊያ ፒንና ቀለበት ለሚቆርጥ ብየዳ ቤት ነው፤ ዋጋውም ከጠየቀው በታች፣ ቁራሌው ከሰጠው ግን በብዙ በላይ ነበር።