የወሊድ ፈቃድ፦ 30 እና 90 ቀኑ እንዴት ይቆጠራል?

ድሬዳዋ ውስጥ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ እስከ ሆቴል ብዙ ሴቶች ተቀጥረው ይሠራሉ። ሆኖም የወሊድ ፈቃድ ሲነሳ ሒሳቡ ብዙ ጊዜ እናቲቱን ይጎዳል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዟ እየተከፈላት ታርፋለች። ተከታታይ ስለተባለ እሑድና በዓልም ይቆጠራሉ።

ግራ የሚያጋባው ሐኪሙ የገመተው ቀን ሲዛነፍ ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ ያረፈች ሴት ጥቅምት 8 ብትወልድ 30ው ቀን አስቀድሞ አልቋል። በመካከል ያሉት ቀናት ተጨማሪ ፈቃድ ናቸው እንጂ ከ90ው አይቀነሱም። እነዚህን ቀናት ከድኅረ ወሊዱ ላይ የሚቀንስ አሠሪ ሕግ ይጥሳል። ቀድማ ከወለደችም 90ው ወዲያው ይጀምራል፤ ያልተጠቀመችበት የቅድመ ወሊድ ቀን ግን አይጨመርላትም። ይህ ለእናቲቱ አይመችም፣ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

በእርግዝና ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ከሥራ ማሰናበትም ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ባልተያያዘ፣ በሕጉ በተዘረዘረ ምክንያት ብቻ ነው።

አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው። ይህ ልዩነት ራሱ አንዳንድ አሠሪዎች ሴት ከመቅጠር እንዲያመነቱ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሐኪሙን ማስረጃ ቅጂም እጃችሁ ላይ አስቀሩ።