«ፈጣን» የተባለው ባሩድ፦ የዒላማ ጥይት በሚሞሉ ሰዎች ዘንድ የተለመዱ ስህተቶች

በቨርጂኒያ የምኖርበት ቤት ጋራዥ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጠረጴዛ አለችኝ። ብርዱ ሲገባ እዚያ ተቀምጬ የተተኮሱ ቀለሃዎችን አጸዳለሁ፣ ፕራይመር የሚባለውን መለኮሻ እቀይራለሁ፣ ባሩድ መዝኜ እጨምራለሁ፣ በመጨረሻም አረሩን እገጥማለሁ። ለራስ መጠቀሚያ የሚሆን ጥይት በዚህ መልክ መልሶ መሙላት በአሜሪካ የቆየ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ዕቃውም በሱቅ ይሸጣል። ይህን የሚያውቁ ያገሬ ልጆች ከተኩስ መለማመጃው ስንመለስ ደጋግመው አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ለሽጉጥ ዒላማ ምርጡ ፈጣን ባሩድ የትኛው ነው?» ስም ከመጥራቴ በፊት ከጥያቄው ጀርባ ያሉትን ግምቶች አንድ በአንድ ማንሳት ይቀድማል። የመሙያ ልክ ግን ከእኔ አትጠብቁ። ልኩ ባሩዱን የሚሸጠው ኩባንያ ባሳተመው ሠንጠረዥ ላይ ነው ያለው።

«ባሩድ ያው ባሩድ ነው»

ለዚህ ስህተት ቋንቋችንም ጥቂት ድርሻ አለው። አያቶቻችን በውጅግራ የተኮሱት ጥቁሩን ባሩድ ነበር፤ ከጨው ጴጥሮስ፣ ከከሰልና ከድኝ የሚደባለቀውን። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ የፈረንሳዮቹ የ1874 ጠመንጃ የ«ፊዚል ግራ» ስም ነው። ከዚያ በኋላ በ1884 ፖል ቪዬል የተባለ ፈረንሳዊ ከናይትሮሴሉሎስ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ዛሬ በሽጉጥ ጥይት ውስጥ ያለው የዚያ ዘር ነው። እኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ጥቁሩ ቀለሃውን ሞልቶ ይገባል። ፈጣኑን ጭስ አልባ ባሩድ በዚያው ስፍር የሞላ ሰው ግን ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳበታል።

«ፈጣን ማለት አረሩን የሚያፈጥን ማለት ነው»

የብዙው ግራ መጋባት ምንጭ ይህ ነው። ፍጥነቱ የመቃጠሉ እንጂ የአረሩ አይደለም። ፈጣን ባሩድ አረሩ ከቀለሃው ገና ፈቀቅ ሲል ጋዙን አብዛኛውን አውጥቶ ይጨርሳል፤ ግፊቱ ቶሎ ጫፍ ይደርስና ቶሎ ይወርዳል። ዘገምተኛው ደግሞ አረሩ በርሜሉ ውስጥ እየሄደ እየተከተለ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁለቱም መሣሪያው ከሚችለው የግፊት ጣሪያ ቢደርሱ፣ አረሩን የበለጠ የሚያስፈተልከው ዘገምተኛው ነው። ማግነም ለሚባለው ኃይለኛ ጥይት ዘገምተኛ ባሩድ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ የዒላማ ተኳሽ ፈጣኑን ለምን ይወዳል? ፍጥነት ስለማይፈልግ ነዋ! ወረቀት ለመብሳት ኃይል አያስፈልግም። ፈጣን ባሩድ በጥቂት መጠንና በዝቅተኛ ፍጥነትም ንጹህ ሆኖ ይቃጠላል፤ ዘገምተኛው ግን ግፊት ሲያንሰው በቅጡ ሳይነድ ቀርቶ ያልተቃጠለ ፍርፋሪ በመሣሪያው ውስጥ ይበትናል። ሌላም ጥቅም አለው። ሽጉጥን ወደ ኋላ የሚገፋው አረሩ ብቻ ሳይሆን ተከትሎት የሚወጣው ጋዝም ጭምር ነው፤ ባሩዱ ሲያንስ ምቱም ይለዝባል።

በአሜሪካ የተግባራዊ ተኩስ ውድድር ላይ ይህ በቁጥር ይታያል። የአረሩ ክብደት በግሬን (አንድ ግሬን 65 ሚሊ ግራም ገደማ ነው)፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በጫማ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል የሚገኘው ነጥብ ለዝቅተኛው ምድብ 125 መድረስ አለበት። ባለ 115 ግሬን አረር ይህን ለማለፍ በሰከንድ ወደ 1,090 ጫማ መብረር ሲኖርበት፣ ባለ 147 ግሬኑ ከ850 ጫማ ትንሽ በለጥ ያለ ይበቃዋል። ስለዚህ ብዙ ተወዳዳሪዎች ከባድ አረርና ፈጣን ባሩድ ያጣምራሉ፤ ነጥቡ ያው ሆኖ ሽጉጡ እጅ ላይ ረጋ ይላል።

«ፈጣን ከሆነ ትኩስ ነው»

የግድ አይደለም። የመቃጠል ፍጥነት በቅንጣቱ መጠን፣ ቅርጽና ሽፋን ይወሰናል፤ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ናይትሮግሊሰሪን ነው። ቡልስ አይና ታይትግሩፕ የተባሉት ባሩዶች ናይትሮግሊሰሪን አላቸው፤ የፊንላንዱ ቪታቩኦሪ ኤን 310 እና ኤን 320 የላቸውም። አራቱም ከፈጣኖቹ ተርታ ናቸው።

«በፍጥነት ዝርዝሩ ላይ ጎረቤት የሆኑት ይተካካሉ»

ኩባንያዎች ባሩዶችን ከፈጣን ወደ ዘገምተኛ የሚደረድሩበት ዝርዝር ያወጣሉ። ዝርዝሩ ተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ በ5ኛውና በ6ኛው መካከል ያለው ርቀት የጸጉር ያህል ይሁን የክንድ ያህል አይናገርም። ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ሲታለፍም ተራው ይለዋወጣል። በዚህ ላይ ባሩድ በላቦራቶሪ ውስጥና በጠባብ ቀለሃ ውስጥ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም።

የ9 ሚሊ ሜትሩ ቀለሃ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትንሽ ናት፣ የተፈቀደላት ግፊት ግን 35,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው። 45 ኤሲፒ የተባለው የሽጉጥ ጥይት ጣሪያ 21,000፣ 38 ስፔሻል የተባለው ደግሞ 17,000 ነው። በ9 ሚሊ ሜትር ውስጥ አረሩ ከታዘዘው ትንሽ ጠልቆ ቢገባ ለባሩዱ የተተወው ክፍተት ይጠብና ግፊቱ ያሻቅባል። በፈጣኖቹ ባሩዶች ሠንጠረዥ ላይ በመነሻው ልክና በጣሪያው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ግማሽ ግሬን እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ «ያንኑ ያህል የጎረቤቱን ልጨምር» ማለት በጨለማ ደረጃ እንደ መውረድ ነው።

ስምም ያሳስታል። ክሌይስ፣ ኢንተርናሽናል ክሌይስና ዩኒቨርሳል ክሌይስ በአንድ ስም የተሸጡ ሦስት የተለያዩ ባሩዶች ናቸው። በአንጻሩ ኤችፒ 38 እና ዊንቸስተር 231 ስማቸው አይገናኝም፤ ባሩዱ ግን አንድ ነው። ጣሳው ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ሠንጠረዡ ላይ ማግኘት ያስፈልጋል።

«ጥቂት ባሩድ አደጋ የለውም»

እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

38 ስፔሻል የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ለጥቁር ባሩድ ነው። ያኔ ወደ 21 ግሬን ይጨመርበት ነበር። ዛሬ ለዒላማ የሚጨመረው ፈጣን ባሩድ ከ3 እና ከ4 ግሬን ብዙም አይርቅም፤ በዚያ ረጅም ቀለሃ ታች ላይ ተኝቶ ከላይ ሲያዩት ቀለሃው ባዶ ይመስላል። አሁን የሚሞላው ሰው ሳያስተውል ሁለት ጊዜ ቢጨምርስ? ቀለሃው አይሞላም፣ አይፈስም፣ አረሩም ያለ ችግር ይገባል። የተበላሸው ጥይት ከጤነኛው በዓይን አይለይም። ሦስት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ቦታ አያጣም።

ሌላው ጫፍም አለ። ባሩዱን ጨርሶ የረሳ ሰው መለኮሻው ብቻ አረሩን ገፍቶ በርሜሉ መሐል ይሰካዋል። አንድ ቅዳሜ ከአጠገቤ የቆመ ሰውዬ ሽጉጡ «ጢስ» የምትል ደካማ ድምፅ አሰማች። ጎረቤቶቹ ሁላችንም ዞር አልን፤ እርሱ ግን ምላጩን ደገመ። ሁለተኛው አረር የመጀመሪያውን አገኘውና በርሜሉ እንደ በላ እባብ መሐሉ ላይ አበጠ። ሰውየው ጣቱ አልተነካም፤ ሽጉጡ ግን ከዚያ በኋላ የወረቀት መጫኛ ነው። እንዲህ ያለ ደካማ ድምፅ የሰማ ሰው ተኩሱን አቁሞ፣ ጥይቱን አራግፎ በርሜሉን መመርመር አለበት።

ባሩድ ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህንን ነው፦ ስሳሳት ያሳየኛል ወይ? ለ38 ስፔሻል እኔ ሬድ ዶትን እወዳለሁ። እንደ ጠፍጣፋ ፍርፋሪ ሰፋ ሰፋ ያለ ስለሆነ ቀለሃው ውስጥ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሁለት ጊዜ ሲገባ ዓይን ላይ ይመጣል። እንከን አለው፤ ከመስፈሪያው ሲወርድ እንደ ድቡልቡሎቹና እንደ ደቃቆቹ ባሩዶች እኩል እኩል አይልም። እነዚያ እንደ ጤፍ ይፈሳሉ። እውነቱን ለመናገር ከእኩልነቱ የመታየቱ ነገር ይበልጥብኛል። ጥቅጥቅ ያለውን ታይትግሩፕ የሚመርጡ ጥሩ ተኳሾች አውቃለሁ፤ አልቃወማቸውም፤ ሃምሳዋን ቀለሃ በአንድ መደርደሪያ ላይ አቁመው አረር ከመግጠማቸው በፊት በእጅ ባትሪ አንድ በአንድ ማየታቸውን ግን እጠይቃለሁ።

«ፈጣን ባሩድ የሚመረጠው ርካሽ ስለሆነ ነው»

ሒሳቡ ልክ ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ በ4 ግሬን 1,750 ጥይት፣ በ8 ግሬን 875 ጥይት ይወጣዋል። ይሁን እንጂ በአንድ ጥይት ወጪ ላይ የአረሩና የመለኮሻው ዋጋ ከባሩዱ ይበልጣል። ለሳንቲም ብሎ የማይመቸውን ባሩድ የሚገዛ ሰው ያተረፈው ብዙ አይደለም።

«ልምድ ያለው ሰው ባሩድን በመልኩ ያውቀዋል»

እኔ አላውቀውም፤ የሚያውቅ ሰውም አላጋጠመኝም። ሬድ ዶት ውስጥ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ፤ የቀሩት አብዛኞቹ ግራጫ ወይም ጥቁር ናቸው፤ የፈጣኑም የዘገምተኛውም መልክ ያው ነው። ማታ መስፈሪያው ውስጥ ባሩድ ትቶ የሚተኛ ሰው ጠዋት የትኛው እንደነበረ በግምት ይፈርዳል። ናይትሮግሊሰሪን ያለባቸውማ የመስፈሪያውን ፕላስቲክ ያበላሹታል። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጠው አንድ ጣሳ ብቻ ነው፤ ሥራ ሲያበቃ የተረፈው ወደዚያው ጣሳ ይመለሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሥራውን የተወ ወዳጄ ዕቃውን ሲሰጠኝ ወረቀቱ የተላጠ ግማሽ ጣሳ ባሩድ አብሮ መጣ። ጤናማ ይመስላል፤ የተበላሸ ባሩድ የሚሰጠው የሚኮመጥጥ ሽታም ሆነ ቀላ ያለ ብናኝ የለውም። ስሙ ግን የለም። ጓሮ ወስጄ ሣሩ ላይ ሳሳ አድርጌ በተንኩት፤ ናይትሮጂን አለውና ለሣር ማዳበሪያ ይሆናል። በዚያ ዓመት የጓሮዬን ሣር ለማጨድ ሁለት ጊዜ ጎረቤቴን ማሽን መለመን ነበረብኝ።