ኦሪየንታሊዝም ምንድን ነው?

መካከለኛው ምሥራቅ ሲባል ብዙ ሰው ዐይኑ ላይ ድቅን የሚልበት በረሃ፣ ግመልና ጎራዴ የታጠቀ ሰው ነው። አካባቢውን ረግጦት የማያውቅ ሰው ይህን ከየት አመጣው? ከፊልምና ከመጽሐፍ። ምዕራባውያን ለዘመናት ስለ ምሥራቁ እየጻፉና እየሣሉ የገነቡት ይህ አተያይ ኦሪየንታሊዝም ይባላል። ሐሳቡን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያብራራው ኢየሩሳሌም የተወለደው ፍልስጤማዊ ምሁር ኤድዋርድ ሰኢድ ነው፤ በፈረንጆቹ 1978 ባሳተመው መጽሐፍ።

ሰኢድ ካነሳቸው ምሳሌዎች ከአእምሮዬ የማይወጣው የኩቹክ ሐኔም ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ጉስታቭ ፍሎቤር በ1850 ግብፅ ውስጥ ይህችን ጨፋሪ አገኛት። ስለ ገላዋና ስለ ጭፈራዋ ጻፈ። እሷ ግን በጽሑፉ ውስጥ ስለ ራሷ አትናገርም። ስሜቷንም ታሪኳንም የምንሰማው ከእሱ ነው። ገንዘቡም ብዕሩም በእጁ ነበር። አንባቢው ታዲያ አንዲት የኤስና ከተማ ሴትን አይቶ የምሥራቅ ሴቶችን ሁሉ ያወቀ መሰለው።

ሲኒማ ይህንኑ ወርሶ በየቤቱ አዳረሰው። በ1992 የወጣው የዲዝኒ «አላዲን» መክፈቻ ዘፈኑ ላይ፣ መልክህን ካልወደዱት ጆሮህን ይቆርጡሃል የሚል ስንኝ ነበረው። አረብ አሜሪካውያን ተቃወሙ። በቀጣዩ ዓመት በቪዲዮ ሲወጣ ስንኙ ተቀየረ፤ አገሩን አረመኔ የሚለው ግን ሳይነካ አለፈ።

የፊልሙ ከተማ አግራባህ የፈጠራ ናት። ሆኖም በ2015 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከተጠየቁት የሪፐብሊካን ፓርቲ መራጮች 30 በመቶው አግራባህ በቦምብ ትመታ ብለዋል። ከዴሞክራቶቹም 19 በመቶው። ስሟ አረብኛ መሰላቸው፣ በቃ! ይህ በጣም ያስደነግጠኛል።

ሰኢድ ላይ ትችት አልጠፋም። የታሪክ ምሁሩ በርናርድ ሉዊስ፣ አካባቢውን ከልባቸው ያጠኑ ሊቃውንትን በጅምላ ኮንኗል ብሎ ሞግቶታል። ይህም መነበብ አለበት።

ለእኔ ግን ዋናው ነገር የአገሬውን ድምፅ መስማት ነው። ግብፃዊው ናጊብ ማህፉዝ በ1988 ኖቤል ተሸልሟል። በካይሮ ልቦለዶቹ ውስጥ ያለው አባት ቤቱ ሲገባ ሚስትና ልጆቹን ያንቀጠቅጣል፤ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ግን ይዘፍናል፣ ያስቃል። ልጁ እንግሊዞችን በተቃወመው በ1919ኙ የግብፅ አብዮት ሰልፍ ላይ ሲገደልበት ለእናትየው እንዴት እንደሚያረዳት ይጨንቀዋል። ማህፉዝ ይህን ሰው አያቆነጀውም። ጭቆናውን ሳይደብቅ፣ ሐዘኑንም ሳይነፍገው ይጽፈዋል። ስለዚህ ቀጥሎ ስለ አንድ አካባቢ ፊልም ስታዩ የአገሬው ሰው ስም አለው ወይ፣ ያወራል ወይ፣ ሐሳቡን ይቀይራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።