ስለ ወጣት ሴቶች የዓለም አገር አቋራጭ በሰሜን ሸዋ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሩጫ ላይ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጌጤ ዋሚ የተወለደችው ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው ጫጫ ነው። አበበ ቢቂላም የመንዲዳ ጎረቤት ከሆነችው ጃቶ የወጣ ነው። እንዲህ ያለ አገር ላይ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ አሰልጣኝ ቢሆን አይገርምም። ከውድድሮች ሁሉ በጣም በተሳሳተ መንገድ የሚወራው ግን ከ20 ዓመት በታች ሴቶች የዓለም አገር አቋራጭ ይመስለኛል። ውድድሩ 20 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፤ አዋቂዎቹ ከመሮጣቸው በፊት ያልቃል። ሰው የሚሰማው የአሸናፊዋን ስም እንጂ ሩጫውን አይደለም። በየቦታው ከምሰማቸው አባባሎች ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ ላንሳ። «ዓ.ም.» ካልተጻፈበት በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንደኛ ካልወጣች ምን ዋጋ አለው?»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አገር አቋራጭ የቡድን ውድድር ነው። በዚህ ዘርፍ አንድ አገር እስከ ስድስት ልጆች ያሰልፋል፤ ቀድመው የገቡት የአራቱ ደረጃ ይደመራል፤ ዝቅተኛ ድምር ያለው ቡድን የቡድን ወርቁን ይወስዳል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ የወጡት የአንድ አገር ልጆች ከሆኑ ድምሩ 10 ነው፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት የለም።

አሁን ሁለት ቡድኖች እናስብ። አንደኛው 1ኛ፣ 9ኛ፣ 12ኛና 15ኛ ወጣ፤ ድምሩ 37። ሌላው 4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ ወጣ፤ ድምሩ 22። ሁለተኛው ቡድን ለግል ሜዳሊያ አንድም ልጅ መድረክ ላይ አላወጣም፤ የቡድን ወርቁ ግን የእሱ ነው። ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ ቢያመጡ ደግሞ አራተኛ ልጁ ቀድማ የገባችለት ያሸንፋል። እንግዲህ የአገርን ወርቅ የምትወስነው ብዙ ጊዜ ካሜራ የማይከተላት፣ ከኋላ ከሦስት ኬንያውያን ጋር ትከሻ ለትከሻ የምትታገለው አራተኛዋ ናት። አምስተኛዋና ስድስተኛዋም ዝም ብለው አልሄዱም፤ ነጥባቸው ባይደመርም የተቀናቃኝ ልጅን በቀደሙ ቁጥር የዚያን አገር ድምር ከፍ ያደርጉታል። ሦስት ልጆች ብቻ የጨረሱለት አገር ደግሞ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቢወጣ እንኳ በቡድን አይመደብም። አሰልጣኞች «አታቋርጪ» እያሉ የሚጮኹት ለዚህ ነው።

ከሰባተኛ ደረጃ የተመለሰችን ልጅ «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አልቀናሽም» ብሎ የሚያጽናና ጎረቤት ይህን ቢያውቅ ኖሮ እልል ብሎ በተቀበላት ነበር።

«የልጆች ሩጫ ነው፤ እዚያው ይቀራል»

የወጣት ሴቶች ውድድር በዓለም አገር አቋራጭ ውስጥ የተጨመረው በ1989 ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሸነፉት መካከል ጥሩነሽ ዲባባ አለች፤ በ2003 ሎዛን ላይ በወጣትነት አሸንፋ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ገንዘቤ ዲባባ በ2008 እና በ2009 ወሰደችው። ለተሰንበት ግደይም በ2015 እና በ2017 አሸንፋ በኋላ የ5,000፣ የ10,000 እና የግማሽ ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰብራለች። የኬንያዎቹ ቪቪያን ቼሩዮት፣ ፌይዝ ኪፕዬጎንና ቢያትሪስ ቼቤትም ከዚህ በር ገብተው ነው የኦሎምፒክ ወርቅ ላይ የደረሱት።

ለእኛ አካባቢ ሰው ደስ የሚለው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1992 ቦስተን ላይ በወጣቶች እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ አንደኛ፣ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ ሁለተኛ፣ ኬንያዊቷ ሊዲያ ቼሮሜ ሦስተኛ ወጡ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2001፣ ኦስተንድ ጭቃ ላይ በአዋቂዎች ረጅም ርቀት ራድክሊፍ አንደኛ፣ የጫጫዋ ጌጤ ሁለተኛ፣ ቼሮሜ ሦስተኛ። በማግስቱ በአጭር ርቀት ጌጤ ራድክሊፍን ቀድማ ወርቁን ወሰደች።

ጌጤ በወጣትነቷ ይህን ውድድር አሸንፋ አታውቅም። በአዋቂነት ግን በ1996 እና በ1999 በረጅሙ፣ በ2001 በአጭሩ ወርቅ አግኝታለች። ደራርቱ ቱሉም የወጣቶቹን ወርቅ ሳታገኝ በአዋቂዎች ሦስት ጊዜ ነግሣለች። ስለዚህ «በወጣትነቷ ካላሸነፈች በቃ» የሚለውም የመጀመሪያው አባባል መንትያ ስህተት ነው።

«ዕድሜዋ አነስ ቢልላት ይሻላል»

ድፍን አድርጌ ልናገር፤ ይህ ማጭበርበር ነው፤ ልጅቱንም ይጎዳል። በ18 ዓመቷ የሚደነቅ ሰዓት «በ16» ከተባለ ሁሉም ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ተአምር ይጠብቃል፤ አይመጣም፤ «ጠፋች» ይባላል።

ብዙ ጊዜ ግን ስህተቱ ከክፋት ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያ ነው የሚመጣው። ደንቡ የሚያየው ውድድሩ ያለበት ዓመት ዲሴምበር 31 ላይ ስንት ዓመት እንደሞላት ነው፤ ከ16 በታች አይፈቀድም፣ 20 የሞላትም አትሮጥም። መጋቢት 2024 ቤልግሬድ ላይ የተፈቀደላቸው በ2005፣ 2006፣ 2007 እና 2008 የተወለዱ ነበሩ። አሁን በእኛ አቆጣጠር እንየው። አንዷ በኅዳር 1997 ዓ.ም.፣ ሌላዋ በጥር 1997 ዓ.ም. ተወለዱ እንበል። አንድ ክፍል ይማራሉ፣ በሁለት ወር ነው የሚበላለጡት። የኅዳሯ በ2004 ተወለደች ማለት ነው፤ አትገባም። የጥሯ በ2005 ነው፤ ትገባለች። ወደ አውሮፓውያን ዓመት ለመቀየር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ጳጉሜ 6 የሆነችበትን ዓመት በሚከተለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ሁሉም ላይ 8 የሚደምር ሰው ወረቀት ሲሞላ ልጅቱ ሳታውቅ ዕድሜዋ በዓመት ይቀንሳል፤ ሌላ ሰነድ ላይ በትክክል ሲገለበጥ ደግሞ ሁለቱ አይገጥሙም፤ ጣጣው ከዚያ ይጀምራል። የልደት የምስክር ወረቀትና ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት ቀን መኖሩን ወላጅ ራሱ ቢያረጋግጥ ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ ሊዲያ ቼሮሜ በ1991 አንትወርፕ ላይ ስታሸንፍ 13 ዓመቷ ነበር። በዛሬው ደንብ መሰለፍም አትችልም።

«ከደብረ ብርሃን ብርድ የወጣች የትም አትሸነፍም»

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጥቅሙ የማይካድ ነው። የአየሩ ግፊት ሲያንስ ሰውነት ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል፤ ደም ብዙ ኦክስጅን ይሸከማል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ቢያሸንፍ ኖሮ እንግሊዛዊቷ ራድክሊፍ በ1992፣ ፊንላንዳዊቷ አነማሪ ሳንዴል በ1995 ባላሸነፉ፤ ከፍ ያሉ አገሮችም ሁሉ ሜዳሊያ ባግበሰበሱ ነበር።

ከፍታ ዋጋም ያስከፍላል። ኦክስጅን ባነሰበት እግር በሙሉ ፍጥነት አይሠራም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው ጽናት ይዞ ፍጥነት ያጣል። አሰልጣኞች ለፍጥነት ልምምድ ዝቅ ወዳለ ቦታ የሚወርዱት ለዚህ ነው። በዚህ በኩል የእኛ ዞን ታድሏል፤ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ ሰው በአንድ ጠዋት ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ይህን ቁልቁለት እንደ መንገደኛ ብቻ ማየታችን ያሳዝነኛል።

ሙቀትም ሌላ ነገር ነው። በ2007 ሞምባሳ ላይ ወበቁ ብዙ ሯጮችን ጥሏል፤ ቀነኒሳ በቀለ ራሱ ያቋረጠበት ውድድር ነው። ባና ለብሳ ያደገች ልጅ ሙቀት ውስጥ ለመሮጥ ሰውነቷ ቢያንስ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት መለማመድ አለበት። መሬቱም አንድ አይደለም። በ2019 ኦርሁስ ላይ ሯጮቹ ሣር የበቀለበት የሙዚየም ጣሪያ ላይ ሽቅብ ወጥተው ቁልቁል ወርደዋል። የሜዳውን ዓይነት ሳያዩ «እናሸንፋለን» ማለት አይቻልም።

«ሩጫ ሴትን ያመክናል»

አሁንም ገጠር ውስጥ ልጅን ከልምምድ ለማስቀረት የሚነገር ቃል ነው። ደራርቱ በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። ጌጤ በ2003 ሴት ልጅ ወልዳ በ2006 እና በ2007 የበርሊን ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ በ2015 ወንድ ልጅ ወልዳ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ አገኘች።

የሚያሳስበኝ ግን በተቃራኒው በኩል፣ በሩጫው ሰፈር ያለው ስህተት ነው፤ «የወር አበባዋ ከቀረ ብቃቷ ደርሷል ማለት ነው» የሚለው። ፈጽሞ አይደለም። በሯጮች ዘንድ የወር አበባ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ልጅቱ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ሲያንስ ነው። ሰውነት ሲጨነቅ ሆርሞኑን ይቀንሳል፤ ሆርሞኑ ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል። አጥንት ደግሞ የሚጠነክረው በእነዚሁ የጉርምስና ዓመታት ነው። ቅልጥሟን ወይም የእግሯን መዳፍ አንድ ቦታ ላይ እያመማት «ጡንቻ ነው» እየተባለች የምትሮጥ ልጅ አጥንቷ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ አሰልጣኙም ይህን መጠየቅ ነውር መስሎ አይታየው፤ ካፈረ አንዲት ሴት ትጠይቅለት።

የዓለም ሻምፒዮናው ብዙ ጊዜ የሚደረገው በመጋቢት ገደማ፣ ዓቢይ ጾም ላይ ነው። የምትጾም ልጅ ጠዋት ሮጣ እስከ ቀትር በኋላ ሳትቀምስ የምትቆይ ከሆነ ከአሰልጣኟም ከንስሐ አባቷም ጋር ቀድማ ትነጋገር። በሶ፣ ቆሎ፣ ምስርና ሽሮ መናቅ የለባቸውም፤ ግን መጠናቸው ይብዛ። ሻይና ቡናም ከምግቡ ጋር ሳይሆን ዘግየት ብሎ ይጠጣ፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉና።

«ሪከርድ ሰበረች»፣ «ኦሎምፒክ ላይም ትሮጠዋለች»፣ «በየዓመቱ ነው»

እነዚህን በአጭሩ። በአገር አቋራጭ የዓለም ክብረ ወሰን የለም። ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ተብሎ ቢነገርም አንዱ ሜዳ ጭቃ፣ ሌላው ዳገት ነው፤ የሁለት ከተሞች ሰዓት አይወዳደርም። አገር አቋራጭ ለመጨረሻ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የታየው በ1924 ፓሪስ ነው፤ ያኔም የወንዶች ብቻ። ሻምፒዮናው እስከ 2011 በየዓመቱ ይደረግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በመርሐ ግብር ደረጃ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ በወረርሽኙ ምክንያት የ2021ዱ የባተርስት ውድድር ወደ 2023 ተዛውሮ ሰናይት ጌታቸው አሸነፈች፤ በቀጣዩ ዓመት ቤልግሬድ ላይ ደግሞ ማርታ አለማየሁ። አንዲት ልጅ በወጣትነቷ የምታገኘው ዕድል አንድ ወይም ሁለት ነው ማለት ነው። ያን ዓመት በአገር ውስጥ ማጣሪያው ላይ ጉንፋን ከያዛት ሌላ ጊዜ ላይኖራት ይችላል።

«በባዶ እግር መሮጥ ክልክል ነው»

አይደለም። ፌይዝ ኪፕዬጎን በ2011 ስፔን ውስጥ፣ ፑንታ ኡምብሪያ ላይ በባዶ እግሯ ሮጣ አሸንፋለች። ጭቃ ላይ ግን ስፓይክ (ሶሉ ላይ ሹል ያለው የሩጫ ጫማ) የሌላት ልጅ ኩርባ ላይ ትንሸራተታለች፤ ይህ የመብት ሳይሆን የሜዳ ጉዳይ ነው።

«እግሯ ቀድሞ መስመሩን ረግጧል፤ ተበድላለች»

በ2019 ኦርሁስ ላይ ቢያትሪስ ቼቤት፣ አለሚቱ ታሪኩና ጽጌ ገብረሰላማ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ገቡ። ወርቁ ለኬንያዊቷ የተሰጠው በፎቶ ነው። ያኔ «ተሰረቅን» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ደንቡ እግርንም፣ እጅንም፣ አንገትና ጭንቅላትንም አይቆጥርም። የሚቆጠረው ደረትና ሆድ ያለበት የሰውነት ክፍል መስመሩን ሲነካ ነው። ስለዚህ መጨረሻዋ እርምጃ ላይ ደረቷን ወደ ፊት የጣለች ልጅ እግሯን ከዘረጋችው ትቀድማለች። ይህን ጫጫ ሜዳ ላይ በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ማስተማር ይቻላል።