ግራ ቀኙን አይቶ፦ የማን ግራ? የማን ቀኝ?

«ግራ ቀኙን ሳታይ አትወስን» ይባላል። ቤት ሲገዛ፣ ትዳር ሲታሰብ፣ ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ቀድማ የምትወረወር ቃል ናት። ብዙ ሰው «ተጠንቀቅ» ማለት ብቻ ይመስለዋል። እኔ ከዚያ ሰፋ ይላል ባይ ነኝ። ሁለቱንም ወገን ስማ፣ ከዚያ ፍረድ ነው ነገሩ። የፍርድ ቤት ውሳኔ አንብባችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ዛሬም ከሳሽና ተከሳሽ በአንድነት ሲጠሩ «ግራ ቀኙ» ነው የሚባሉት። «የግራ ቀኙን ክርክር መርምረናል» ይላል ጽሑፉ።

ግን ግራና ቀኝ ብቻቸውን አይቆሙም፤ ፊት ይፈልጋሉ። ድሬዳዋ ውስጥ «የደቻቱ ድልድይ ላይ በግራ በኩል ነኝ» ብሎ ለሁለት ሰው የደወለ፣ አንዱ ከመጋላ ሌላው ከከዚራ፣ ማለትም ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ፣ የሚመጣ ከሆነ፣ ሁለቱን ሁለት ቦታ ነው የቀጠራቸው። ስለዚህ አባባሉን ከመጠቀም በፊት ፊታችን ወዴት እንደዞረ መነጋገር ያስፈልጋል።

የድሮ ሰዎች ይህን ቀድመው ጨርሰውታል። ግራዝማች የግራው ክንፍ አዝማች፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ደጃዝማች የደጁ። ማዕረጎቹ ሁሉ ከጦር አሰላለፍ የወጡ ናቸው። ጦሩ ወዴት እንደዞረ ስለሚታወቅ «የማን ግራ?» ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም። ከእነዚህ ማዕረጎች አንዱ ዛሬም የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስም ላይ አለ፤ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ። የራስ መኮንን ልጅ ናቸው፤ አባታቸው በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ ሐረርን ያስተዳደሩ።

አውሮፕላንም የተዳኘው በዚሁ መንገድ ነው። የአውሮፕላን ግራ ማለት ፊቱን ወደ አፍንጫው አዙሮ የተቀመጠው አብራሪ ግራ ነው። እናንተ ከፊት ለፊቱ ቆማችሁ በቀኛችሁ ብታዩትም ግራ ክንፍ ግራ ክንፍ ነው፣ አይቀየርም። ሞተር የሚቆጠረው ከግራ ጀምሮ ነው፣ 1፣ 2 እየተባለ። ካፒቴኑም በግራ ወንበር ነው የሚቀመጠው። በግራ ክንፍ ጫፍ ቀይ መብራት፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ ይበራል፤ ልማዱ ከመርከብ የተወረሰ ነው። ማታ ሰማይ ላይ ቀዩን በቀኛችሁ፣ አረንጓዴውን በግራችሁ ካያችሁ አውሮፕላኑ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ነጩ ብቻ ከታያችሁ ጀርባውን ሰጥቷችኋል። ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ ደግሞ ሁለቱም ወደየቀኛቸው ይታጠፋሉ። የማን ቀኝ እንደሆነ አስቀድሞ ባይወሰን ኖሮ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ዞረው ይላተሙ ነበር!

ማኮብኮቢያውም እንደዚያው ነው። የድሬዳዋው አንድ አስፋልት ሁለት ስም አለው፤ 15 እና 33። ቁጥሩን በ10 ስታባዙት የኮምፓስ ዲግሪ ይሆናል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚንደረደር በ150 ዲግሪ ስለሚሄድ 15 ይለዋል፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚንደረደረው 33። በየትኛው እንደሚነሱ በአብዛኛው የሚወስነው ነፋሱ ነው፤ አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ መነሳት ይመርጣል።

ይህ ሁሉ ተወስኖም ሰው ግራ ቀኙን ሳያይ የፈረደበት ጊዜ አለ። በፈረንጆቹ ጥር 1989 እንግሊዝ አገር፣ ኬግዎርዝ የምትባል መንደር አጠገብ አንድ ቦይንግ 737 ወደቀ። የተበላሸው የግራው ሞተር ነበር። አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል፣ ጭስ ይሸታል። አብራሪዎቹ ቀኙ ነው ብለው ደህናውን ሞተር አጠፉ። ክፋቱ ደግሞ፣ ቀኙን ሲቀንሱት መንቀጥቀጡ በረድ አለና ልክ የሠሩ መሰላቸው። ካፒቴኑ ችግሩ የቀኙ ሞተር እንደነበር በድምጽ ማጉያ ተናገረ። ከኋላ የተቀመጡ ተሳፋሪዎች ግን ከግራው ሞተር እሳት ሲወጣ በመስኮት አይተው ነበር። ያዩት ነገር አብራሪዎቹ ጆሮ ሳይደርስ ቀረ። ሊያርፉ ሲቃረቡ የግራው ሞተር ፈጽሞ ከዳቸው። ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ።

እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን የማያውቁ ሆነው አይደለም። በእኛም ዘንድ «ግራ ቀኙን ሳያይ ፈረደ» የሚባለው ሕግ ለማያውቅ ዳኛ አይደለም፤ ሕጉን እያወቀ አንዱን ወገን ሳይሰማ መዝገቡን ለዘጋ ነው። ጥሩ ሽማግሌ በር ጋ ተቀምጦ ዝም ያለውን ሰውዬ «አንተስ ምን አየህ?» ሳይል ነገር የማይቆርጠው ለዚህ ነው።