የድምፅ ትራንስፎርመር ጥምጠማ በድሬዳዋ

የድምፅ ትራንስፎርመር በብረት ላሜራ ዙሪያ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። በአንዱ በኤሌክትሪክ መልክ የገባው የድምፅ ሞገድ፣ ሽቦ ከሽቦ ሳይነካካ፣ በመግነጢስ ኃይል በሌላው በኩል ይወጣል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ዕቃ የሚጠግኑት በአብዛኛው የፓምፕና የቬንቲሌተር ሞተር በመጠምጠም የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ከተማዋ ለመዳብ ሽቦ እንግዳ አይደለችም። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ጥገናውም አብሮት ከተመ። በ1940ዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ሲመጡ ደግሞ የጄኔሬተርና የሞተር ጥምጥም የምድር ባቡር ወርክሾፕ የዕለት ሥራ ሆነ። ባለ ቫልቭ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ ያለው) ሬዲዮ በየቤቱ በሚደመጥበት ዘመን የድምፅ ትራንስፎርመር የግድ ነበር፤ የ5,000 ኦም (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መለኪያ) ቫልቭ ከ8 ኦም ስፒከር ጋር የሚስማማው የሽቦው ዙር 25 ለ1 ሲሆን ነው። ትራንዚስተር ሲመጣ ይህ ትራንስፎርመር ከሬዲዮ ውስጥ ቀስ በቀስ ጠፋ።

ከሞንታርቦ ግን አልጠፋም። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን አናት ላይ ያለው ጡሩምባ መሰል ድምፅ ማጉያ ከአምፕሊፋየሩ ርቆ ስለሚሰቀል፣ ድምፁ ብዙ ጊዜ በ100 ቮልት መስመር ይላካል፤ ከማጉያው ጋር ያለችው ትንሽ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልቴጁን ለስፒከሩ በሚስማማ መጠን ዝቅ ታደርጋለች። 10 ዋት በዚህ መስመር 0.1 አምፒር ብቻ ይወስዳል፤ በቀጥታ ወደ 8 ኦም ስፒከር ቢላክ ግን ከ1.1 አምፒር በላይ ይሆንና በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል 125 እጥፍ ያድጋል። ትንሿ ትራንስፎርመር ውለታዋ ይህን ያህል ነው። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትውላለች። የሽቦው ሽፋን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ስለሚያጥር፣ ለደጋ የሚበቃ ቫርኒሽ እዚህ አይበቃም።

ሞተር የሚጠመጥም ሁሉ ይህን ይችላል ማለት አይደለም። የመብራት ትራንስፎርመር የሚያስተናግደው 50 ኸርዝ ብቻ ነው፤ የድምፅ ትራንስፎርመር ግን ከከበሮው ጉምታ እስከ ጸናጽሉ ድረስ ማሳለፍ አለበት። ወፍራሙ ድምፅ ብዙ ዙርና ትልቅ ብረት ይፈልጋል፤ ዙሩ ሲበዛ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይታፈናል። መፍትሔው ሁለቱን ሽቦዎች ከፋፍሎ አንዱን ንብርብር በሌላው መካከል እያስገቡ መጠምጠም ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የሙያው ክብርም እዚህ ላይ ይታያል። በስዊድን በ1958 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሉንዳል የተባለው የቤተሰብ ኩባንያ በዓለም የታወቀው በዚሁ ጥንቃቄ ነው።

ጥገና የሚጀምረው ከመፍታት ነው። የተቃጠለው ጥምጥም ሲፈታ ዙሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የሽቦው ውፍረት በማይክሮሜትር ይለካል፣ የንብርብሮቹ ቅደም ተከተልና አቅጣጫ ይጻፋል። በችኮላ ጥምጥሙን በመጋዝ ቆርጠው የጣሉት ግን ሁሉን ነገር ከብረቱ ስፋት ተነሥተው እንደገና ማስላት አለባቸው።